ከልብ እስከ ድያፍራም የሰፋ አኦርታ፦ በአንድ ቀዶ ጥገና ወይስ በሁለት?

የሐርቡ ልጅ (እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡15)

ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። ነገሩ ረዘም ያለ ነው፤ ግን እዚህ የተማረም የደረሰበትም ሰው ስለማይጠፋ ልጠይቅ።

አባታችን 61 ዓመታቸው ነው። ከኮምቦልቻ አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። የደም ግፊት እንዳለባቸው ከታወቀ ቆይቷል፤ መድኃኒቱን የሚውጡት ግን ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ድምፃቸው ሻከረ። ለዱአ ተሰብስበው ወዳጃ ሲቀመጡ ምርቃቱን የሚጀምሩት እሳቸው ነበሩ፤ ድምፃቸው እየሳሳ ሄዶ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ጆሮውን ወደ አፋቸው እስኪያስጠጋ ደረሰ። ጉሮሮ ነው ተባለ። ማር በዝንጅብል፣ ከዚያ የጉሮሮ ኪኒን፣ ከዚያ ሌላ ዓይነት ኪኒን። ወራት አለፉ። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም የደረት ራጅ አዘዘ፤ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየና ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ከዚያ ሲቲ ስካን ተነሱ።

ከልብ ወጥቶ ለመላ ሰውነት ደም የሚያደርሰው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታቸው፣ ሰፍቷል። ከልብ የሚወጣው ክፍል 5.8 ሴንቲ ሜትር፣ ከላይ ወደ ኋላ የሚታጠፍበት ቅስቱ 5.2፣ በጀርባ በኩል ወደ ታች የሚወርደው ደግሞ እጅግ በሰፋበት ቦታ 6.4። አዲስ አበባ ያያቸው ሐኪም ሁለት ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል አለ። መጀመሪያ ደረት ከፊት ተከፍቶ ላይኛውና ቅስቱ ይቀየራል፤ ከተወሰኑ ወራት በኋላ በግራ ጎን ተገብቶ የታችኛው ይሠራል።

ቤተሰቡ ሦስት ቦታ ተከፈለ። ታላቅ ወንድሜ «የመጀመሪያው ይሠራ፣ ሁለተኛውን አላህ ያውቃል» ይላል። እህቴ በአንድ ጊዜ የሚጨርስ ቦታ ይፈለግ ትላለች። አባባ ራሳቸው «አላመመኝም፣ ተውኝ» ብለዋል። እውነትም ከድምፃቸው በቀር የሚያማቸው የለም። ምን ትላላችሁ?

ባለ ነጭ ጋዋን (እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡40)

ወንድሜ፣ አብሽር። ደሴ የምሠራ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ነኝ፤ የልብና የደም ሥር ቀዶ ሐኪም አይደለሁም። አባትህን በአካል ያየው ሐኪም ቃሉ ከእኔ ቃል ይቀድማል።

ድምፃቸውን ያጠፋው ጉሮሯቸው አይደለም። የግራውን የድምፅ አውታር የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በቀጥታ ወደ ማንቁርት አይሄድም፤ ደረት ድረስ ወርዶ በአኦርታ ቅስት ሥር ይጠመዘዝና ወደ ላይ ይመለሳል። ቅስቱ ሲሰፋ ነርቩን ይወጥረዋል። ድምፁ ለሳምንታት ሻክሮ የቀረ ሰው፣ በተለይ ግፊት ያለበትና ያጨሰ ከሆነ፣ ጉሮሮውም ደረቱም መታየት አለበት። ያንን ራጅ ያዘዘው ልጅ ሊመሰገን ይገባል።

«አላመመኝም» ላሉት፤ አኦርታ ሲሰፋ በአብዛኛው አያምም። የሚያመው ሲቀደድ ወይም ሊቀደድ ሲቃረብ ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰው ሆስፒታል ሳይደርስ ያልፋል። ቧንቧው በሰፋ ቁጥር ግድግዳው ይሳሳል፣ የሚሸከመው ውጥረት ደግሞ ይጨምራል። አባትህ ሾፌር ስለሆኑ እንዲህ ብለህ ጠይቃቸው፦ ጎኑ ባበጠ ጎማ ሙሉ ጭነት ጭነው የአሰብን መንገድ ይጀምሩ ነበር ወይ? ጎማው እኮ አያምም።

ጤነኛ አኦርታ ከልብ ሲወጣ ከ3 እስከ 3.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በጀርባ ሲወርድ ይጠባል። ሌላ የሚያባብስ ነገር በሌለበት ሰው ቀዶ ጥገና የሚታሰበው ወደ 5.5 ሲደርስ ነው። በዘር የሚመጣ የደም ሥር ድክመት ካለ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ይሠራል። የአባትህ ላይኛውም ታችኛውም መስመሩን አልፈዋል። ስለዚህ «ይሠራ አይሠራ» የሚለው ለእኔ ያለቀ ጉዳይ ነው። የቀረው «እንዴት» የሚለው ነው፤ እሱ ግን ቀላል አይደለም።

ታዛቢ (እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡05)

6.4 ደርሶ እስከ ዛሬ ካልፈነዳ ነገም አይፈነዳም። እነዚህ ሰዎች ሲቲ ስካን ካስገቡ በኋላ ሰው ባዶ እጁን እንዲወጣ አይፈልጉም። አንድ ዘመዴን እንዲሁ አስፈራርተው በሬውን አሸጡት።

ባለ ነጭ ጋዋን (እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡30)

ታዛቢ፣ የዘመድህን በሬ ጉዳይ አላውቅም። በዬል ዩኒቨርሲቲ ብዙ ሕሙማንን ለዓመታት ተከታትለው ያገኙት ግን ይህ ነው፦ የላይኛው ክፍል 6 ሴንቲ ሜትር፣ የታችኛው 7 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አደጋው ቀስ በቀስ ሳይሆን በድንገት ያሻቅባል። 5.5 የተመረጠው ከዚያ ገደል አፍ ቀድሞ ለመቆም ነው። 5.8 እና 6.4 ከገደሉ ምን ያህል እንደሚርቁ አንተው አስላው።

የመርሳዋ (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20)

ልጄ፣ የምነግርህ ያየሁትን ነው። የባለቤቴም እንደ አባትህ ላይና ታች ነበር። ቅሬው አዋጣ፣ ዘመድ አዋጣ፣ መሬት አከራየን፣ ውጭ አገር ሄዶ የመጀመሪያው ተሠራለት። ተሸክመን የሸኘነው ሰው በእግሩ ሄዶ ገባ። ደረቱ ላይ ያለው ስፌት ብቻ ነው የቀረው፤ ፊቱ ሞላ፣ ወፈረ፣ ሰው ሁሉ ተአምር አለ። ለሁለተኛው ከግማሽ ዓመት በኋላ ተመለስ ተብሎ ነበር።

ግማሽ ዓመቱ ሲደርስ እህሉ አልተነሳም። ከዚያ ዶላሩ። ከዚያ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ ደግሞ ራሱ «ምን ሆኜ? ይኸው ተራራ እወጣለሁ» ማለት ጀመረ። ላስታወሰው ሰው ሁሉ ይቆጣ ነበር። የላከን ቢሮ አንድ ቀን ደውሎ አልጠየቀም። ከዓመት በላይ እንዲህ ቆየ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ውሎ ሲመለስ ጀርባዬን ወጋኝ አለ፤ መደቡ ላይ ጋደም አለ፤ ጎረቤት ጠርቼ እስክመለስ አልደረስኩበትም።

ወንድምህ የመጀመሪያው ይበቃል ይላል ብለሃል። አይበቃም። ተስማምታችሁ ሁለቱን ካላደረጋችሁ የመጀመሪያውን አትጀምሩት አልልም፤ ላይኛውም ይገድላል። ግን የሁለተኛው ገንዘብና ቀን ሳይቆረጥ አትነሱ።

የሐርቡ ልጅ (ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡00)

እናቴ፣ አላህ ይማራቸው። ጽሑፍዎን ለቤተሰቡ አነበብኩት።

የጥንቱ መምህር፣ ወልዲያ (ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30)

የመርሳዋ እህታችን የነገሩን ነገር በሐኪሞች ዘንድ በደንብ የታወቀ ነው። ሁለት ደረጃ ያለውን ዘዴ በ1983 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው በጀርመን ሃኖቨር ይሠራ የነበረው ሃንስ ቦርስት ነው። ቅስቱን በሰው ሠራሽ ቧንቧ ከቀየረ በኋላ ትርፉን አልቆረጠውም፤ በሰፋው የታችኛው ክፍል ውስጥ ተንጠልጥሎ እንዲቀር ተወው። በሁለተኛው ቀዶ ጥገና ሐኪሙ በግራ ጎን ገብቶ ያንን የተንጠለጠለ ጫፍ ይይዝና ቀሪውን ይቀጥልበታል፤ ወደ ቅስቱ መመለስና በጠባሳ መሃል መቆፈር አያስፈልገውም። «የዝሆን ኩምቢ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ድንቅ ሐሳብ ነበር። ግን ከመጀመሪያው በኋላ ለሁለተኛው የማይመለሱ ሕሙማን በሀብታም አገርም ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱ ይሻለውና ይቀራል፣ አንዳንዱ ይደክማል፣ አንዳንዱ በመሃሉ የታችኛው ይፈነዳበታል።

በዚህ የተነሳ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንጨርስ ያሉ ተነሱ። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ የሠራው ኒኮላስ ኩቹኮስ በዚህ ይታወቃል። ደረቱ በጡት ሥር ከግራ ጎን እስከ ቀኝ ጎን ይከፈታል፣ የደረት አጥንቱ አግድም ይቆረጣል፤ ከልብ ጀምሮ ደረትንና ሆድን እስከሚለየው ጡንቻ፣ እስከ ድያፍራም፣ ያለው አኦርታ በአንድ ሜዳ ይታያል። መጀመሪያ ወደ አንጎል የሚሄዱት ሥሮች ከአዲሱ ቧንቧ ጋር ይሰፉና አንጎል ደም ያገኛል፤ ከዚያ የቀረው ይቀጥላል።

(አንድ ነገር ከርዕስ ወጣ ብዬ ልጨምር። ይህን የጨርቅ ቧንቧ ከዳክሮን ሰፍቶ ያስለመደው ማይክል ዴቤኪ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን በሚስቱ የስፌት መኪና ነው የሰፋቸው። በ2005 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ፣ በ97 ዓመቱ፣ የገዛ ራሱ አኦርታ ተሰነጠቀ። እሱም እንደ አባባ «ተውኝ» ብሎ ነበር። በ2006 መጀመሪያ እሱ ራሱ ባዳበረው ዘዴ ተሠራለትና ወደ 100 ዓመት ሊጠጋ ሲል በ2008 አረፈ። ለአባባ ንገሯቸው።)

የኮምቦልቻ ጋራዥ (ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡10)

የተባልኩት ታላቅ ወንድም እኔ ነኝ። እህቴ የመርሳዋ፣ ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው። ግን እኔንም ስሙኝ። ሁለተኛው ይቅር ያልኩት አባቴን ጠልቼ አይደለም። የጎን ቀዶ ጥገናው ሰው ሽባ ሊያደርግ ይችላል ብለው በግልጽ ነገሩን። አባባ በሕይወታቸው ሙሉ ሰውነታቸውን ለሰው ሰጥተው አያውቁም፤ ውዱእ እንኳ ሰው ውኃ ሲያፈስላቸው አይወዱም። ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው ሲተኙ ማየት ለእኔ ከሞት ይከብዳል። ደረት ከጎን እስከ ጎን ተሰንጥቆ በአንድ ቀን ይለቅ የሚለው ደግሞ የ61 ዓመት ሰው የሚችለው አይመስለኝም። ይህን የፈራሁ ሰው ስግብግብ መባል የለብኝም።

የጽኑ ሕሙማን ነርስ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡45)

ጋሼ፣ ስግብግብ ያለህ የለም። የፈራኸውም በቂ ምክንያት ያለው ነገር ነው። የልብ ቀዶ ጥገና ከሚሠራበት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ያየሁትን ላካፍል።

እግርን የሚያዝዘው በአከርካሪ ውስጥ ያለው ህብለ ሰረሰር ደም የሚያገኘው ከአኦርታ ጀርባ በሚወጡ ቀጫጭን ሥሮች ነው። ከነሱ ትልቁ፣ የአዳምኪየቪች የሚባለው፣ በብዛት ከደረት ታችኛው ክፍል ይወጣል። ረጅም የአኦርታ ክፍል ሲቀየር እነዚህ ሥሮች ይዘጋሉ፤ የሚቀየረው በረዘመ መጠን ሽባ የመሆን ዕድሉም ይጨምራል። አይካድም።

ግን ዝም ብሎ የሚጠበቅም አይደለም። ወገብ ላይ በቀጭን ቱቦ የህብለ ሰረሰሩ ፈሳሽ ቀስ እያለ ይቀዳል፤ በውስጡ ያለው ጫና ሲቀንስ ደሙ በቀላሉ ይገባል። የደም ግፊቱ ደግሞ ሆን ተብሎ ከፍ ተደርጎ ይያዛል። ከማደንዘዣ ሲነቁ እኛ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ስምዎ ማነው» አይደለም፤ «አባባ፣ የቀኝ እግር ጣትዎን ያንቀሳቅሱ፤ አሁን የግራውን» ነው። በየሰዓቱ። ቀኑንም ሌሊቱንም። በሽተኛው ይሰለቻል፣ ይቆጣል፤ እኛ አንሰለችም። ምክንያቱም አንዳንዱ ሽባነት ወዲያው አይመጣም፤ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ይመጣል፣ በዚያው ሰዓት ከታወቀና ግፊቱ ከፍ ከተደረገ፣ ፈሳሹም ከተቀዳ ሊመለስ ይችላል።

በሁለት ጊዜ መሥራት እዚህ ላይ ጥቅም አለው። በመሃሉ ባለው ጊዜ ህብለ ሰረሰሩ ሌሎች የደም መንገዶችን ያዳብራል። ስለዚህ «በአንድ ጊዜ» የሚለው በሁሉም በኩል የተሻለ አድርጋችሁ አትዩት።

የደሴዋ ፋርማሲስት (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00)

የሐርቡ ልጅ፣ አባባ ለጉሮሮ የተሰጣቸው «ሌላ ዓይነት ኪኒን» ሲፕሮፍሎክሳሲን ነበር? ጠይቅልኝ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በታኅሣሥ 2018 አውሮፓውያን አቆጣጠር አስጠንቅቋል፦ ሲፕሮፍሎክሳሲን እና ዘመዶቹ አኦርታው የሰፋን ሰው ለመቀደድ አደጋ ሊያጋልጡ ስለሚችሉ ሌላ አማራጭ ካለ አይሰጡ። እዚህ አገር ለሆድም ለሽንትም ለጉንፋንም ያለ ማዘዣ የሚገዛ መድኃኒት ነው። ዳግም ማንም እንዳይሰጣቸው ካርዳቸው ላይ ይጻፍ።

ከዚያ ግፊቱ። «ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ» የሚለውን ሳነብ እጄ ራሴ ላይ ነበር። ቀዶ ጥገናው እስኪደርስ ያለው ሕክምና ግፊትን ዝቅ አድርጎ መያዝ ነው፤ ከ130 በ80 በታች ቢሆን ጥሩ። የልብን ምት የሚያቀዘቅዝ መድኃኒትም ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩበት። ማንም ፍራሽ ወይም ጆንያ አያሸክማቸው። ሽንት ቤት ማስማጥ ራሱ ግፊት ያስነሳል፤ ሆድ ድርቀት ካለ ይታከም።

ጫት የሚቅሙ ከሆነም፣ ወሎ ውስጥ ይህን መናገር ጠላት እንደሚያፈራ አውቃለሁ፣ ይቁም። የልብ ምትንም ግፊትንም ይጨምራል። ዱአው ያለ ጫትም ይደርሳል።

ባህላዊ መፍትሔ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20)

[ይህ መልእክት በመድረኩ አስተዳዳሪ ተነሥቷል። ሥር ለመሸጥ ሌላ ቦታ ይፈለግ።]

የወልዲያው ረጅሙ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10)

ይቅርታ በሰው ክር ገብቼ። ቁመቴ ከክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ይበልጣል፣ ጣቶቼ ረጃጅም ናቸው፣ ዓይኔ መነጽር ይፈልጋል። አጎቴ በ38 ዓመቱ በድንገት ነው የሞተው፤ ቤተሰቡ ዓይን ነው ይላል። እኔስ ልመርመር?

ባለ ነጭ ጋዋን (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡25)

አዎ፣ ሳትዘገይ። የልብ አልትራሳውንድ፣ ኢኮ የሚሉት፣ በቂ መጀመሪያ ነው። የጠቀስካቸው ምልክቶች ማርፋን ከሚባለው በዘር የሚተላለፍ ችግር ጋር ይመሳሰላሉ፤ አንዱ ወላጅ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ላይኖርብህም ይችላል፤ ረጅም ሰው ሁሉ ታማሚ አይደለም። ግን እስኪታይ ድረስ ክብደት አታንሳ።

የሐርቡ ልጅ፣ ይህ አንተንም ወንድምህንም እህትህንም ይመለከታል። የአባት አኦርታ እንዲህ ከሰፋ ልጆቹም ኢኮ መነሣት አለባቸው። ጋራዥ ውስጥ ሞተር የሚያነሣው ወንድምህ ይቅደም።

የሐርቡ ልጅ (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡00)

ለሁላችሁም ምስጋና። ፋርማሲስቷ እህቴ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ነበር፤ ባዶ ፓኬቱ እስካሁን ኮመዲኖው ውስጥ ነው። ጫቱን እናቴ ሰምታ «እንኳን ሌላ ሰው ተናገረው» ብላለች።

ባለ ነጭ ጋዋን፣ ለአባባ የጎማውን ነገር ነገርኳቸው። መልስ አልሰጡም፤ ትንሽ ቆይተው ግን «የትኛው ጎማ ነው ያበጠው፣ የፊቱ ወይስ የኋላው?» አሉኝ። ሁለቱም አልኳቸው። «እንደዚያ ከሆነ መኪናው አይነሣም» አሉ። ስለዚህ ከ«ተውኝ» ወርደዋል።

ባለ ነጭ ጋዋን (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50)

ጥሩ። እንግዲህ አንድ ነገር ፈልግልኝ። የሲቲ ስካኑ ወረቀት ላይ የታችኛው ስፋት የት ላይ እንደሚያበቃ ይጻፋል። ከድያፍራም በላይ ነው ወይስ ወደ ሆድ ይገባል? ወደ ሆድ ዕቃ የሚሄደው የመጀመሪያው ትልቅ ሥር ከመውጣቱ በፊት ጤነኛ ስፋት ያለው ክፍል አለ? ስንት ሴንቲ ሜትር? ይህ ቁጥር ከ6.4 ያልተናነሰ ዋጋ አለው።

ምክንያቱም መምህሩ ከጠቀሷቸው ሁለት መንገዶች በተጨማሪ ሦስተኛ አለ። የተንጠለጠለው ቧንቧ ጫፍ በብረት መረብ የተጠናከረ ከሆነ ወደ ታች በገባበት ቦታ ራሱን ከፍቶ ይይዛል። ይህ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመጣ ነው። አንዳንድ ጊዜ የሰፋው የታችኛው ክፍል በዚያው ከደም ፍሰቱ ይዘጋል፤ ካልተዘጋም ሁለተኛው ሥራ ጎን መክፈት ሳይሆን በብሽሽት ደም ሥር በኩል ስቴንት፣ ማለትም በብረት መረብ የተደገፈ የጨርቅ ቱቦ፣ አስገብቶ መቀጠል ይሆናል። ለስቴንቱ ግን ታች የሚያርፍበት ጤነኛ ግድግዳ፣ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ያስፈልገዋል። በሰፋ ግድግዳ ላይ ቢያርፍ ደሙ በጎኑ ይሾልካል።

ስለ መጀመሪያው ቀዶ ጥገናም አትሳሳቱ፤ «ቀላሉ» እሱ አይደለም። የአንጎል ሥሮች የሚወጡት ከቅስቱ ነው፤ ቅስቱ ሲቆረጥ ደሙ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ለዚህ ሰውነት በማሽን ይቀዘቅዛል። ራንዳል ግሪፕ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ባሳየው መንገድ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል፤ በዚያ ቅዝቃዜ አንጎል ግማሽ ሰዓት ያህል ያለ ደም ይታገሣል። ዛሬ ብዙ ቡድኖች ያን ያህል አያቀዘቅዙም፤ በብብት ሥር ባለው ደም ሥር በኩል ለአንጎል ብቻ ደም እየላኩ ይሠራሉ። ስትሮክ፣ ደም መፍሰስ፣ የኩላሊት መድከም ሊያጋጥም ይችላል። ይህን በየጊዜው የሚሠራ ቡድን እንጂ በዓመት አንዴ የሚሞክር አትምረጡ። በዓመት ስንት ቅስት እንደሚቀይሩ ጠይቋቸው፤ ነውር የለውም።

የኮምቦልቻ ጋራዥ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30)

ወረቀቱ እኔ ጋ ነው። በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ልጄ አነበበችልኝ። ስፋቱ ከድያፍራም በላይ ያበቃል ይላል። ከዚያ እስከ መጀመሪያው የሆድ ሥር 4 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ አለ፤ እዚያ ጋ ስፋቱ 2.6 ነው። ይህ ጥሩ ነው መጥፎ?

ባለ ነጭ ጋዋን (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡35)

ጋሼ፣ በጣም ጥሩ ነው።

የጽኑ ሕሙማን ነርስ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50)

አልሐምዱሊላህ። ይህ ካለ ጎን ሳይከፈት ሊያልቅ ይችላል። የህብለ ሰረሰሩ አደጋ በስቴንትም አለ፤ አይጠፋም። ማገገሙ ግን አይገናኝም።

ታዛቢ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15)

ገንዘቡስ? ሁላችሁም ስለ ሴንቲ ሜትር ታወራላችሁ።

የጥንቱ መምህር፣ ወልዲያ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡10)

ታዛቢ ዛሬ ትክክል ጠየቀ። አዲስ አበባ ውስጥ የልብ ቀዶ ጥገና ይሠራል። እንዲህ ያለ ሰፊ የአኦርታ ሥራ ግን በብዛት ወደ ህንድ፣ ቱርክ ወይም ታይላንድ ያስኬዳል። ስቴንቱ በሐኪሙ ክፍያ ላይ የሚጨመር ውድ ዕቃ ነው። ለውጭ ምንዛሪ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ይጠየቃል። የምመክረው ማስረጃው ሲጻፍ ሁለቱም ደረጃዎች አብረው እንዲጻፉ ነው። የመጀመሪያው ብቻ ከተጻፈ ለሁለተኛው ከዜሮ መጀመር ነው፤ የመርሳዋ እህታችን ባለቤት ላይ ከደረሱት ነገሮች አንዱ ይህ ይመስለኛል።

የመርሳዋ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00)

አዎ መምህር፣ እሱም ነበር። ወረቀቱ አንድ ሕክምና ብቻ ይላል ብለው መለሱን።

የሐርቡ ልጅ (ዓርብ ሳምንቱ፣ ከምሽቱ 1፡30)

የደረስንበትን ልንገራችሁ። ሲዲውን ለሁለት የተለያዩ ቡድኖች ልከን ሁለቱም መለሱ። አንደኛው በአንድ ጊዜ ከጎን እስከ ጎን ከፍቼ እጨርሳለሁ አለ። ሁለተኛው ባለ ነጭ ጋዋን እንዳሉት በብረት መረብ የተጠናከረውን እናስገባለን፣ የቀረውን እዚያው ሳላችሁ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በስቴንት እንዘጋለን፣ ሳይዘጋ ወደ አገር አትመለሱም አለ። ነርሷ እህታችን ስለ ህብለ ሰረሰሩ ያለችውን ጠቅሼ ብጠይቃቸው፣ በመሃል ያሉትን ሳምንታት የፈለጉት ለዚሁም ጭምር ነው አሉኝ።

እህቴ የመጀመሪያውን ነበር የምትፈልገው፤ አሁን ሁለተኛውን ተቀብላለች። ወንድሜም። አባባ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቁት፦ ድምፃቸው ይመለሳል ወይ።

ባለ ነጭ ጋዋን (ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡00)

እውነቱን ንገሯቸው፤ ላይመለስ ይችላል። ነርቩ ለረጅም ጊዜ ተወጥሮ ከቆየ አያገግምም፤ ቀዶ ጥገናውም ራሱ ሊጎዳው ይችላል። የተወሰነው ሰው ይመለስለታል። ካልተመለሰም የድምፅ አውታሩን የሚያስተካክል ሌላ ሕክምና አለ፤ ያ ግን በኋላ ነው። ምርቃቱን ለጊዜው ወንድምህ ይጀምር።

የልብ ቫልቫቸው ካልተነካ ወይም ካልተቀየረ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የሚባለው ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት አያስፈልግም። ይህንንም ጠይቁ፤ በብረት ቫልቭ ከተቀየረ የደም መርጋት ምርመራ ደሴ ድረስ መመላለስ አለና።

የደሴዋ ፋርማሲስት (ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡20)

የሚወስዱትን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጻፉ፤ ጥቁር አዝሙዱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ አስፕሪኑን ጭምር። «ይህ እኮ መድኃኒት አይደለም» የሚባል ነገር የለም።

የኮምቦልቻ ጋራዥ (ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡05)

ኢኮ ተነሣሁ። ጤነኛ ነህ ተብያለሁ። አሁን የምጠይቀው፦ ምን ዓይነት ልብስ እንያዝላቸው? ሻንጣውን የማዘጋጅ እኔ ነኝ።

የጽኑ ሕሙማን ነርስ (ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡30)

ጋሼ፣ በራስ የሚጠለቅ ነገር አትያዝ። የደረት አጥንቱ በሽቦ ይታሰራል፤ እስኪገጥም ሁለት ወር ገደማ እጃቸውን ወደ ላይ አያነሡም፣ ከባድ ነገር አይይዙም፣ መሪም አይጨብጡም። ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ሸሚዝ፣ ከሱሪ ይልቅ ሽርጥ። ሲያስሉ ደረታቸው ላይ አጥብቀው የሚያቅፉት ትንሽ ትራስ ይያዝላቸው። ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ሐኪሙ ከፈቀደ እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ይምጡ፤ የጣርማበር መንገድ አጥንቱ እስኪገጥም ይቆይ። ውዱእ ሲያደርጉም ለጥቂት ሳምንታት ሰው ውኃ ያፈስላቸዋል። አሁኑኑ ንገሯቸው፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ ጭቅጭቁ ለእኛ እንዳይተርፍ።